እስልምናን የሚያጠና ክርስቲያን የሚገባበት ዕዳ

በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባሉት በቦረና፣ በሳይንት፣ በለጋምቦና በከላላ፣ ክርስቲያንና ሙስሊም በቀዬ ከመጎራበት አልፈው ብዙ ጊዜ በአንድ የዘር ሐረግ ውስጥ ስለሚገኙ፣ እስልምናን ለማወቅ መጽሐፍ የገለጠ የአካባቢው ክርስቲያን የሚያጠናው የአጎቱን፣ የአማቱን ወይም የጎረቤቱን እምነት ነው። ጥቂት ከገፋ በኋላ «ልቀጥል ወይስ ላቁም?» የሚል ጥያቄ ሲገጥመው ከዙሪያው የሚሰማው ምክር አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ አንዱ ወገን እምነቱ እንዳይናወጥ እንዲያቆም ሲመክረው፣ ሌላው ወገን ተከራክሮ እንዲረታ በርትቶ እንዲቀጥል ይገፋፋዋል። የመጀመሪያው ምክር የሚያስበው ለተማሪው ነፍስ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ዓይኑን የጣለው በተከራካሪው ላይ ነው። ይህ ሰው ያወቀውን ይዞ ወደ ገዛ ወገኖቹ ሲመለስ ስለ ሙስሊም ጎረቤቱ ምን ብሎ ይመሰክራል የሚለውን ግን ሁለቱም አይጠይቁም፤ የመቀጠልና የማቆም ውሳኔ መመዘን ያለበት ግን በዚህ ነው።

አቁም የሚለው ምክር ከባዶ የመጣ አይደለም። በግንቦት 1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደሴ አጠገብ በምትገኘው ቦሩ ሜዳ ጉባኤ ካደረጉ በኋላ የወሎ ሙስሊም መሳፍንት ክርስትናን እንዲቀበሉ ሲታዘዙ፣ ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ኋላ ንጉሥ ሚካኤል ለመባል በቁ፤ እንደ ሼህ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር ያሉት የሃይማኖት ሊቃውንት ግን ትእዛዙን ተቃውመው ተነሡ። በዚያ ዘመን ሃይማኖት የታማኝነት መለኪያ ሆኖ ስለነበር፣ አንድ ሰው ወደ ሌላው እምነት ቀረብ ማለቱ ዕውቀት መፈለግ ሳይሆን ወገን መለወጥ ተደርጎ ይታይ ነበር። የንጉሥ ሚካኤል ልጅ የሆኑት ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲሻሩ ከቀረቡባቸው ክሶች ዋነኛው እስልምናን ተቀብለዋል የሚል ነበር፤ ከክሱ በስተጀርባ የቤተ መንግሥት ሽኩቻና የአንደኛው የዓለም ጦርነት ኃያላን ፉክክር እንደነበረበት የታሪክ ጸሐፊዎች ቢያስረዱም፣ ከሙስሊም ጋር መቀራረብ ራሱ ለክስ ማስረጃ መሆን መቻሉ በሕዝቡ አእምሮ የተወው ጥርጣሬ ቀላል አይደለም። ዛሬ ቁርኣን ሲያነብ የታየ ክርስቲያን «ሊሰልም ነው» ቢባል፣ ሐሜቱ ከዚህ ረጅም ታሪክ የተቀዳ ነው።

የቤተ ክርስቲያኒቱ የራሷ የሊቃውንት ታሪክ ግን ለዚህ ፍርሃት ሙሉ ድጋፍ አይሰጥም። አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ፣ በስማቸው የሚጠራው ገዳም በዚሁ በቦረና በኩል የሚገኘው ሊቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1424 የፈጸሙት «መጽሐፈ ምሥጢር» መናፍቃን የተባሉትን ትምህርት እያነሣ በ30 ድርሳናት የሚመልስ ሥራ ነው። ለአንድ ትምህርት መልስ ለመስጠት ትምህርቱ የሚለውን ለይቶ ማወቅ ግድ ስለሚል፣ የሌላውን ሐሳብ ማጥናት ለሊቁ የእምነት ጉድለት አልነበረም። ለእስልምና ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ ደግሞ የእጨጌ ዕንባቆም ነው። የመን ተወልደው በእስልምና ካደጉ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ክርስትናን የተቀበሉትና እስከ ደብረ ሊባኖስ እጨጌነት የደረሱት እኒህ ሰው፣ በኢማም አሕመድ ጦርነት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1540፣ ለራሱ ለኢማሙ የጻፉት «አንቀጸ አሚን» ከቁርኣን እየጠቀሰ ስለ ክርስትና የሚከራከር መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ የክርክር ሥራ መሆኑ አይካድም፤ ሆኖም የተጻፈው ቁርኣንን ለሚያውቅ አንባቢ ስለነበር፣ ጥቅሱን ያጣመመ ጸሐፊ በአንባቢው ዘንድ ወዲያው መጋለጡ አይቀርም ነበር።

ከመካነ ሰላም ገበያ እስከ ሳይንት መንደሮች የሚኖር ክርስቲያን በበኩሉ አንድም መጽሐፍ ሳይገልጥ ስለ እስልምና ብዙ ያውቃል። የረመዳንን ጾምና የመውሊድን በዓል፣ የአዛንን ሰዓትና የለቅሶ ቤትን ሥርዓት ከልጅነቱ ጀምሮ እያየ ያድጋል፤ ሠርግ ሲደግስ ለሙስሊም እንግዶቹ በሙስሊም እጅ የሚታረድ ከብት ለይቶ ያዘጋጃል፤ ሙስሊሙም በተራው ለክርስቲያን ጎረቤቱ እንዲሁ ያደርጋል። ይህ የጉርብትና ዕውቀት ቢባል ያስኬዳል፤ ሰውን ያውቃል፣ ነውርንና ክብርን ይለያል፣ የትምህርቱን መሠረት ግን አይነካም። ከመጽሐፍ የሚገኘው ዕውቀት ደግሞ የተገላቢጦሽ ችግር አለበት። ለምሳሌ ማኢዳህ የተባለው 5ኛው የቁርኣን ምዕራፍ (ምዕራፉ ሱራ ይባላል) የመጽሐፍ ባለቤቶች፣ ማለትም የአይሁድና የክርስቲያኖች፣ ምግብ ለሙስሊም የተፈቀደ መሆኑን ይገልጻል፤ በኢትዮጵያ የቆየው ልማድ ግን አንዱ ሌላው ያረደውን ሥጋ እንዳይበላ ነው። ሱራውን ትናንት ያነበበ ክርስቲያን ዛሬ ሙስሊም ጎረቤቱን «የገዛ መጽሐፍህ ይፈቅድልሃል» ሊለው ቢነሣ፣ ጥቅሱን ቢያውቅም የእርድ ሕግ በሊቃውንት ዘንድ እንዴት እንደሚተነተንና ልማዱ ለሁለቱም ወገን የማንነት ድንበር ሆኖ መቆየቱን አለማወቁን ያሳያል።

ስለዚህ ጥናቱ የሚቀጥል ከሆነ ከማን ጋር ይቀጥላል የሚለው ጥያቄ ይከተላል። በወሎ የእስልምና ትምህርት ደረሳ የሚባለው ተማሪ ከቤተሰቡ ርቆ፣ የመንደሩ ሰው በሚሰጠው ምግብ እየኖረ፣ ከቁርኣን ንባብ ወደ ፊቅህ (የሃይማኖት ሕግ)፣ ወደ ነሕው (የዐረብኛ ሰዋስው) እና ወደ ተፍሲር (የቁርኣን ትርጓሜ) በሼሁ እግር ሥር ሆኖ ይሸጋገራል፤ የተማረውን ለማስተማርም ኢጃዛ፣ ማለትም ከመምህር ወደ መምህር የሚወርድ ፈቃድ፣ ያስፈልገዋል። የቤተ ክርስቲያን የቆሎ ተማሪም እንዲሁ እየለመነ ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከቅኔ ቤት ወደ መጻሕፍት ቤት ያልፋል፤ አንድምታንም፣ ማለትም ለአንድ ኃይለ ቃል ብዙ ፍቺ እየደረደረ የሚሄደውን ትርጓሜ፣ የሚቀበለው ከመምህር አፍ ነው። ሁለቱ የትምህርት ሥርዓቶች በብዙ ነገር ቢለያዩም፣ መምህር የሌለው አንባቢ ገና እንዳልተማረ በመቁጠር ይስማማሉ። በስልኩ የክርክር ቪዲዮ ሲያከማች የሚያመሽ ሰው፣ ክርስቲያንም ይሁን ሙስሊም፣ በሁለቱም መለኪያ ተማሪ አይባልም።

ቁም ነገር ላለው ተማሪ ግን በሩ ዝግ አይደለም። ቁርኣን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1961 ዓ.ም.፣ በአማርኛ ተተርጉሞ ታትሟል። የወሎ ሊቃውንትም ዓጀም በሚባለው ስልት፣ ማለትም አማርኛን በዐረብኛ ፊደል በመጻፍ፣ መንዙማ የተባለውን መንፈሳዊ ግጥም ደርሰዋል፤ ከነዚህም አንዱ ከላይ የተጠቀሱት ሼህ ጦልሃ ናቸው። የወሎን እስልምና ታሪክ በጥልቀት ያጠኑት ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ ያሳተሙት ሥራም ለአንባቢ ክፍት ነው። ከሁሉም በላይ ግን በቅርብ ያለው መምህር የመንደሩ ሼህ ነው፤ ወደ እሳቸው የሚሄድ ክርስቲያን እምነቱን ለመለወጥ ሳይሆን ለማወቅ መምጣቱን ከመጀመሪያው ገልጦ ሊናገር ይገባል፤ ሼሁም ትምህርታቸውን እውነት ነው ብለው ስለሚያስተምሩ ወደ እምነታቸው ቢጋብዙት ሊቀየም አይገባውም።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ያጠና ሰው ባላወቀበት ዘመን የማይጠየቅበትን ነገር ይጠየቅበታል። በክርስቲያኖች መካከል «ሙስሊሞች እመቤታችንን ይንቃሉ» የሚል ወሬ ሲነሣ፣ 19ኛው ሱራ በመርየም ስም እንደሚጠራና ቁርኣን በድንግልና መፅነሷን እንደሚቀበል የሚያውቀው ክርስቲያን ዝም ካለ፣ ዝምታው ከሐሰት ምስክርነት ብዙም አይርቅም፤ በባልንጀራ ላይ በሐሰት መመስከርን የሚከለክለው ትእዛዝ ደግሞ ባልንጀራው ክርስቲያን ካልሆነ የሚል ገደብ የለውም። በአንጻሩ ያው ሰው ለሰላም ሲል «ሁለቱም አንድ ናቸው» ብሎ ቢናገር ደግሞ ሌላ ሐሰት ይጨምራል፤ ምክንያቱም ቁርኣን የክርስቶስን አምላክነት አይቀበልም፣ መሰቀሉንም በ4ኛው ሱራ ይክዳል፤ ለክርስቲያን ደግሞ የድኅነት ሁሉ መሠረት ያለው በዚያው መስቀል ላይ ነው። ይህን ልዩነት መሸፈን ሁለቱንም እምነቶች ማቃለል ነው።

ጥንቃቄው በዚህ አያበቃም፤ ሙስሊሞችም በሁሉም ነገር አንድ አቋም የላቸውምና። የአውልያን፣ ማለትም የቅዱሳን ሰዎችን፣ መቃብር መጎብኘት በወሎ የቆየ የሱፊ ልማድ ሲሆን፣ ይህን የሚነቅፉ ሙስሊሞችም አሉ፤ ስለዚህ ከአንዱ ጎረቤቱ ያየውን ብቻ ይዞ «እስልምና እንዲህ ይላል» የሚል ክርስቲያን፣ ሳያስበው የሙስሊሞችን የእርስ በርስ ክርክር ለአንደኛው ወገን ፈርዶ ይገኛል።

ከዚህ በመነሣት ጥናቱን ማቆም የሚሻልበት ጊዜ እንዳለ መናገር ይቻላል። ተማሪው የሚያነበው ነቀፋ ለመልቀም ብቻ ሲሆን፣ ያነበበውን በሙስሊም ጎረቤቱ ፊት ሊደግመው የሚያፍር ሲሆን፣ ወይም የራሱን ጸሎትና መጻሕፍት ትቶ የሌላውን ብቻ ሲያሳድድ፣ ማረፍ ይገባዋል፤ የገዛ እምነቱን ትምህርት በቅጡ ያላወቀ ሰው ልዩነቱ የት እንዳለ ሊያይ አይችልምና። ልቡን የሚያናውጥ ጥያቄ ከገጠመውም ለንስሐ አባቱ ወይም ለሚያምነው መምህር ገልጦ መናገር ይሻለዋል፤ የተደበቀ ጥርጣሬ ማንበብ በማቆም ብቻ አይጠፋም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 የሃይማኖትና የኅሊና ነጻነትን ስላረጋገጠ፣ በዚህ ጉዳይ የሚወስነው ራሱ ነው፤ ዘመድና ጎረቤት ሊመክሩት እንጂ ሊያስገድዱት አይችሉም።

እነዚህ ጉድለቶች ካልታዩበት ግን በመካነ ሰላምና በአካባቢው የሚኖር ክርስቲያን ጥናቱን ቢቀጥል ይመረጣል፤ ለዚህም የሚያበቃው በክርክር የመርታት ችሎታው ሳይሆን ያወቀውን በራሱ ወገን መካከል፣ ደስ በማያሰኝበት ጊዜም ጭምር፣ በትክክል ለመናገር መዘጋጀቱ ነው። ይህን ዕዳ ለመክፈል የማይፈልግ ሰው የጉርብትና ዕውቀቱን ይዞ ቢኖር ይበጃል፤ ብዙ አንብቦ እያወቀ ዝም ከሚል ሰው ይልቅ ትንሽ አውቆ ለጎረቤቱ በድግስ የተለየ እርድ የሚያዘጋጅ ሰው ለሁለቱም ሃይማኖቶች የበለጠ ታማኝ ነው።