«ስታድጊ» አልኳት

ወንዱ ልጄ የተኩስ ጌም ሲጫወት ካገኘሁት ስልኩን ነጥቄ እቆጣዋለሁ። ደም አለበት፣ ጭካኔ ያስተምራል እላለሁ። የ8 ዓመቷ እህቱ ግን ያሻትን እንድታወርድ የፈቀድኩላት እኔው ነኝ። ልብስ የሚመረጥበት፣ ሜካፕ የሚቀባበት ከሆነ «የሴት ልጅ ጨዋታ ነው» ብዬ አንድም ቀን አብሬያት ቁጭ ብዬ አላየሁትም። ከሥራ ደክሞኝ ስገባ ስልኬን የምሰጣት ዝም እንድትልልኝ ነበር፤ ይህንንም መደበቅ አልፈልግም።

በኋላ ከፍቼ ሳየው ጨዋታው የሚጀምረው በምታለቅስ ልጅ ነው። ፊቷን ብጉር ወርሶታል፣ ቅንድቧ ወፍራም፣ ፀጉሯ ከርደድ ያለ ነው። ተጫዋቿ ብጉሩን ታፈርጣለች፣ ቅንድቡን በወረንጦ ትነቅላለች፣ አፍንጫዋን በጣቷ እየጎተተች ታቀጥናለች፣ ወገቧን ታሳንሳለች። አንዱን በጨረሰች ቁጥር ኮከብ ትሸለማለች። መጨረሻ ላይ የድሮዋና የአሁኗ ጎን ለጎን ይቀርባሉ። ልጄን የምትመስለው የድሮዋ ናት።

አንድ ቀን ወረንጦዬን ወስዳ የራሷን ቅንድብ ስትነቅል ደረስኩባት። መስታወት ፊት ቆማ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ግን አላቆመችም። እኔ ሳቅሁ። ፎቶ አንስቼ የቤተሰባችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት፤ አክስቶቿም «ሙሽሪት» እያሉ ሳቁባት። ብዙም ሳይቆይ «እማዬ፣ አፍንጫዬ መቼ ነው የሚቀጥነው?» አለችኝ። ወጥ እያማሰልኩ ነበር። ዞር ብዬ እንኳ ሳላያት «ስታድጊ» አልኳት።

ትልቁ ጥፋቴ ይህ ነው። ጌሙ አፍንጫሽ ልክ አይደለም ብሎ ነገራት፤ እኔ እናቷ ደግሞ አረጋገጥኩላት። ከዚያ በፊትም እንግዳ በመጣ ቁጥር «ወፈረችብኝ፣ ጠቆረችብኝ» ስል አጠገቤ ቁጭ ብላ ትሰማ ነበር። ለጌሙ መንገዱን የጠረግኩለት እኔ ነኝ።

በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ያነበብኩት ከረፈደ ነው። 8 እና 9 ዓመት የሆናቸው 80 ልጃገረዶች ለ10 ደቂቃ ብቻ ጌም እንዲጫወቱ ተደረገ፤ ከፊሎቹ ለቀጠሮ የምትዘጋጅ ልጅ የሚያስውቡበትን፣ ከፊሎቹ ፔንግዊን አስተናጋጅ የሆነችበትን የምግብ ቤት ጨዋታ። ሲያስውቡ የቆዩት ከሌሎቹ ይልቅ በሰውነታቸው ቅር ተሰኝተው ተገኙ። በ10 ደቂቃ! የኔ ልጅ ምሽቱን ሙሉ ነበር ስልኩ ላይ የምታመሸው። በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ ወፍራም ልጅ በቀዶ ጥገና የሚያቀጥን የሕፃናት ጌም በሕዝብ ቁጣ ከአፕልና ከጉግል መደብሮች ተነስቶ ነበር። እንዲህ ያለው ነገር የፈረንጅ ልጆች ጣጣ ይመስለኝ ነበር።

ጌሙን ካጠፋሁት በኋላ አጠገቤ አስቀምጬ «ስታድጊ ያልኩሽ ስህተት ነው፤ አፍንጫሽ ምንም አልጎደለውም። ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት።

«አይቀጥንም ማለት ነው?» አለች።

«አይቀጥንም፣ የኔ እናት።»

እየተንሰቀሰቀች አለቀሰች። ለካ እስከዚያን ቀን ድረስ ስትጠብቅ ነበር።