ገላዋ ታየ፤ እሷስ?

አንድ ነገር ከወዲሁ ግልጽ እናድርግ። እርቃን አይተን ደንግጠን ብዕር ያነሳን የሥነ ምግባር ዘበኞች አይደለንም። የፊሊፒንስን ሲኒማ የምንወድ ሰዎች ነን፤ ቅሬታችንም የወዳጅ ቅሬታ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮሮና የፊሊፒንስን ሲኒማ ቤቶች በዘጋበት ዘመን፣ ቪቫ የተባለው አንጋፋ የፊልም ኩባንያ በጥር 2021 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ቪቫማክስ የሚባል የኢንተርኔት ማሳያ ከፈተ። ዛሬ ስሙ ቪኤምኤክስ ሆኗል። ብዙም ሳይቆይ ዋነኛ ሸቀጡ የወሲብ ድራማ ሆነ። በትንሽ ገንዘብ፣ በጥቂት ተዋንያን፣ በአንድ ሁለት ቤት ውስጥ ተቀርጸው በላይ በላዩ ይወጣሉ።

እኛም ተከታትለን አየን። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ አራተኛውን ሳናየው መተረክ ቻልን። ድሃ ልጅ አለች። ዕዳ አለ፤ ወይም የታመመ ወላጅ። ገንዘብ ያለው ወይም ጉልበት ያለው ወንድ ብቅ ይላል። ከዚያ ሰዓት የተሞላ ይመስል ልብስ ይወልቃል። መጨረሻው አካባቢ ደም ይፈስሳል፤ አለቀ። ዕዳውስ ምን ሆነ? የታመሙት እናትስ ዳኑ? የሚጠይቅ የለም። ድህነቱ ለጌጥ የተሰቀለ መጋረጃ ነበር፤ ሥራው ሲያልቅ ተጠቅልሎ ይገባል።

“ምን ይደረግ፣ በጀት የለም” ይሉናል። ይህን አንቀበልም። በ1990ዎቹ መጨረሻ እዚያው አገር “ፒቶ ፒቶ” የሚባል አሠራር ነበር፤ “ሰባት ሰባት” እንደማለት ነው። ቀረጻው በሰባት ቀን ገደማ እንዲያልቅ ይጠበቅ ነበር። ከዚያ ጥድፊያ ውስጥ በ2016 በቬኒስ ወርቃማውን አንበሳ የወሰደው ላቭ ዲያዝ ወጣ። ጄፍሪ ጄቱሪያንም በ1999 “ፒላ ባልዴ”ን ሠራ። ውኃ በባልዲ የሚቀዳበት የድሆች ሠፈር ታሪክ ነው። ወሲብ አለበት፤ ግን ማን ባለ ቧንቧ፣ ማን ባለ ባልዲ እንደሆነ ለአፍታም አያስረሳንም።

ችሎታ ጠፋ እንዳንልም፣ በ2009 በካን የምርጥ ዳይሬክተርነትን ሽልማት ያገኘው ብሪላንቴ ሜንዶዛ ሳይቀር ለቪቫማክስ ሠርቷል።

ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። በ1985 ፔኬ ጋላጋ “ስኮርፒዮ ናይትስ”ን ሠራ። የማርኮስ አገዛዝ ሊወድቅ ወራት ቀርተውታል። ፎቅ ላይ የተከራየ ተማሪ በወለሉ ቀዳዳ አጮልቆ፣ ከሥሩ የሚኖሩትን የዘበኛውንና የሚስቱን አልጋ ያያል። ሙቀቱ፣ የክፍሉ ጥበት፣ የዘበኛው ሽጉጥ አንድ ላይ ያፍኑሃል። ፊልሙ እየገፋ ሲሄድ አጮልቆ የሚያየው ልጅ አንተው እንደሆንክ ይገባሃል፤ ታፍራለህ። በ2022 ሦስተኛው “ስኮርፒዮ ናይትስ” በቪቫማክስ ወጣ። ስሙን ወርሷል። ያ እፍረት ግን እኛ ዘንድ አልደረሰም።

ከሁሉም በላይ የምናስታውሰው ግን የራሱን የጄቱሪያንን የ2001 ፊልም “ቱሆግ”ን ነው። በቤተሰባቸው ውስጥ የመደፈር መከራ የደረሰባቸው እናትና ልጅ አሉ። ፊልም ሠሪዎች መጥተው ታሪካቸውን ይጠይቋቸዋል፤ እነሱም አምነው ይነግሯቸዋል። ፊልሙ ሲወጣ ሴቶቹ ሲኒማ ቤት ገብተው ያያሉ። ቁስላቸው የገበያ ወሲብ ሆኖ ጠበቃቸው። ያለቀሱበት ቦታ ተመልካች የሚቅበጠበጥበት ቦታ ሆኗል። እንግዲህ የዛሬዎቹን ፊልሞች ለመተቸት የውጭ ሐያሲ አያስፈልግም፤ የአገራቸው ሲኒማ ከሃያ ዓመት በፊት ቀድሞ ተችቷቸዋል።

መፍትሔው ሳንሱር ነው የሚሉ አሉ። በ1985 የተቋቋመው የፊልምና የቴሌቪዥን ገምጋሚ ቦርድ ሥልጣኑ እስከ ኢንተርኔት ይዝለቅ የሚለው ክርክር የአገሪቱ ሴኔት ድረስ ደርሷል። ልጆች እንዳያዩ መከላከሉ ተገቢ ነው። ግን መቀስ የሚቆርጠው ገላውን ነው፤ ከመጀመሪያው ያልተጻፈውን ታሪክ አይቀጥልም። እኛ ይልቅ ተስፋ የጣልነው በግንቦት 2024 በተፈረመው የኤዲ ጋርሲያ ሕግ ላይ ነው። በ2019 ቀረጻ ላይ በደረሰበት አደጋ በሞተው አንጋፋ ተዋናይ የተሰየመ ሲሆን፣ የፊልም ሠራተኞችን የሥራ ሰዓትና ደኅንነት ይመለከታል። በጥድፊያ በሚሠራ ፊልም ልብሷን የምታወልቀው ጀማሪ ወጣት ናት። እሷን ካሜራው ፊት የሚጠብቃት ሕግ መኖሩ፣ እኛ ሳሎን ተቀምጠን ከምናፍረው እፍረት ይበልጣል።

ለማንኛውም፣ ከእነዚህ ፊልሞች አንዱን ለማየት ያሰባችሁ ካላችሁ አንከለክላችሁም። ብቻ አስቀድማችሁ “ቱሆግ”ን እዩ። ከዚያ በኋላ ሌላውን ስትከፍቱ፣ እናትና ልጇ ከጎናችሁ ተቀምጠው አብረዋችሁ እያዩ እንደሆነ አስቡ።