ከአራስ ጥየቃ በኋላ

እኛ በእህቶች ኅብረት አራስ ስንጠይቅ ገንፎና አጥሚት ይዘን እንሄዳለን፤ ዘምረን፣ ጸልየን፣ ሕፃኑን ባርከን እንመለሳለን። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴ ግን ጠያቂው ካቋረጠ ከወራት በኋላም ሊጀምር ይችላል።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤድዋርድ ትሮኒክ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አንድ ሙከራ አድርጎ ነበር። ከልጇ ጋር ስትጫወት የነበረች እናት ለጥቂት ደቂቃ ፊቷ ምንም ስሜት ሳያሳይ ዝም ብላ እንድታየው ተደረገ። ሕፃኑ ፈገግ ይላል፣ እጁን ይዘረጋል፣ ይጮኻል፤ መልስ ሲያጣ ፊቱን ያዞራል።

ድባቴ የያዛት እናት ፊቷ ለወራት እንዲህ ሊደበዝዝ ይችላል። ልጇን ስለማትወድ አይደለም፤ አቅም ስላጣች ነው። ሕፃን ድምፅ አሰምቶ ሰው ሲመልስለት በአንጎሉ ውስጥ የነርቭ ሴሎች ግንኙነት ይጠነክራል። መልሱ ደጋግሞ ሲቀር የቋንቋ እድገቱም ሆነ ስሜቱን የማረጋጋት ችሎታው ሊጎዳ ይችላል። «ይችላል» ነው ያልነው፤ ብዙዎቹ ልጆች በደህና ያድጋሉ፤ በተለይ አባት ወይም አያት በፍቅር የሚመልሱላቸው ከሆነ፣ እናትም ቶሎ ከታከመች።

ይህን የምታነቢ እናት ካለሽ፣ በራስሽ ላይ አትፍረጂ። ሕመም ነው፤ የእምነት ማነስ አይደለም። ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ ሥር ሞቱን ሲለምን መልአኩ አልገሠጸውም፤ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፣ እንደገናም ተኛ።

ለእኛ ለጠያቂዎች የሚከብደው ሌላ ነገር ነው። በ2008 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት በፓኪስታን ገጠር ድባቴ ያለባቸውን እናቶች ተከታተለ። አንደኛውን ወገን ለዚሁ የሠለጠኑ የጤና ሠራተኞች ቤታቸው ድረስ ጎበኙ፤ ሌላውንም ያልሠለጠኑ ሠራተኞች በእኩል ቁጥር ጎበኙ። ልጆቹ ስድስት ወር ሲሞላቸው ድባቴው ያልለቀቃቸው ከመጀመሪያዎቹ 23 በመቶ፣ ከሌሎቹ 53 በመቶ ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ ከልጆቻቸው ጋርም አብዝተው ይጫወቱ ነበር። እንግዲህ መሄዳችን ብቻውን አይበቃም ማለት ነው!

ስለዚህ በየኅብረታችን አንዲት ነርስ ወይም የጤና ባለሙያ እህት ካለች እንድታስተምረን እንጠይቃት። ከአርባው ቀን በኋላም እንመለስ፤ አንዳችን ሕፃኑን ታቅፈን እናጫውተው፣ እናቱ ትተኛ። እንቅልፏን፣ ምግቧን፣ ልቧን እንጠይቅ። ራሷን ወይም ልጇን ለመጉዳት የምታስብ ከሆነ ለነገ አይባልም፤ ብቻዋን ሳንተዋት፣ እየጸለይንላት፣ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይዘናት እንሂድ።