የዕለት ሥርዐት በቤትና በትምህርት ቤት

ጤንነት በአንድ ቀን የሚሸመት ዕቃ አይደለም፤ በየዕለቱ ጥቂት በጥቂት የሚጠራቀም ጥሪት ነው እንጂ። ሰው በታመመ ጊዜ ሐኪምና መድኃኒት ያሻዋል፤ ከሕመሙ በፊት ያሉትን ብዙ ቀኖች ግን የሚጠብቁለት እጅን መታጠብ፥ በሰዓቱ መብላትና በጊዜ መተኛት የመሳሰሉት ትንንሽ ልማዶች ናቸው። እኛም ቀን በመሥሪያ ቤት፥ ማታ በልጆቻችን መካከል የምንገኝ እንደ መሆናችን፥ ስለዚሁ ነገር ያሰብነውን ለወላጆችና ለመምህራን ልናካፍል ወደድን።

አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ የቀኑና የሌሊቱ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ እምብዛም አይለዋወጥም። በአዲስ አበባ ረዥሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በሰሜን አውሮፓ የሚኖር ወላጅ በበጋቸው ወራት ፀሓይ ሳትጠልቅ ልጁን ለማስተኛት ይቸገራል፤ ለእኛ ግን ፀሓይ ራሷ ደወል ናት። ይህን ደወል እንዳንሰማ የሚያደርጉን ዛሬ ቴሌቪዥኑና የእጅ ስልኩ ናቸው። ሐኪሞች እንደሚመክሩት ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለበት። እንግዲህ ከንጋቱ 12 ሰዓት የሚነሣ ተማሪ ቢዘገይ ቢዘገይ ከምሽቱ 3 ሰዓት እንቅልፍ ሊወስደው ይገባል ማለት ነው። ከዚህ ያነሰ የተኛ ልጅ በማለዳው ክፍለ ጊዜ ሲያንጐላጅ መምህሩ ሰነፍ ይለዋል፤ ስንፍናው ግን የልጁ ሳይሆን የቤቱ ነው።

በእኛ ቤት ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ሲሆን ቴሌቪዥኑ ይዘጋል፤ ስልኮችም ሁሉ፥ የአባትና የእናት ጭምር፥ በሳሎኑ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ልቅሶም ሙግትም ነበረ። ወር ሲሞላ ግን ልጆቹ ራሳቸው «አባዬ፥ ያንተንም አምጣ» ማለት ለመዱ። ከዚህ የተረዳነው ሕፃን የሚጠላው ሥርዐትን ሳይሆን በእርሱ ላይ ብቻ የተጫነን ሥርዐት መሆኑን ነው።

እጅ መታጠብን በተመለከተ አባቶቻችን መልካም ልማድ አውርሰውናል። እንግዳ ለማዕድ ሲቀርብ ማንቆርቆሪያና መታጠቢያ ሳህን ይዞ የሚያስታጥብ ልጅ ከፊቱ ይቆማል። ይሁን እንጂ ይህ ልማድ ማዕድን ያከብራል እንጂ ከመጸዳጃ ቤት መልስ ያለውን መታጠብ አያስታውስም፤ ሳሙናውም ብዙ ጊዜ ይረሳል። በ1847 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ኢግናዝ ሴመልቫይስ የተባለው ሐኪም በቪየና የሚያዋልዱ ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ ቢያደርግ የወላዶች ሞት እጅግ ቀነሰ። ከባልደረቦቹ ብዙዎቹ ግን ምክሩን ሳይቀበሉት ቀሩ። የተማሩት እንኳ እንዲህ ካመነቱ፥ ሕፃኑ በአንድ ቀን ትምህርት ብቻ ይለምዳል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው።

ፊትን መታጠብም እንደዚሁ ነው። ኢትዮጵያ የትራኮማ ሕመም እጅግ ከጸናባቸው የዓለም አገሮች አንዷ ናት። ሕመሙ በጣት፥ በጨርቅና በዝንብ አማካይነት ከዐይን ወደ ዐይን ይተላለፋል፤ በልጅነት እየተመላለሰ ሲይዝም ቈብን ያቈስላል፤ ኋላ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ብርሃንን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ይህን ክፉ ነገር ከሚከላከሉት አንዱ በየማለዳው የታጠበ የልጅ ፊት ነው። እናት ዛሬ የምታፈስሰው ግማሽ ጣሳ ውሃ፥ ልጇ ሸምግሎ በሰው እጅ እንዳይመራ የምታደርገው ዝግጅት መሆኑን ብታውቅ ምንኛ ደስ ባላት።

ወደ ትምህርት ቤቱ ስንመለስ፥ በእኛ የተማሪነት ዘመን የጥፍር ምርመራ ነበረ። ጥፍሩ ያደፈ ተማሪ ጣቶቹን በማስመሪያ ይመታ ነበር። ከዚህ የተማርነው ግን እጃችንን መደበቅ እንጂ መታጠብ አልነበረም። ይልቁንስ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ተማሪው ያለ አለንጋ በየማለዳው እንደሚሰለፍ እንመልከት። ልማዱ የጸናው በአንድ ሰዓት፥ በአንድ ስፍራ፥ ከመምህራኑ ጋራ ስለሚፈጸም ነው። ከሰልፉ ቀጥሎ ጥቂት ደቂቃ ለእጅና ለፊት ቢመደብ፥ መምህሩም አስቀድሞ ቢታጠብ፥ ይኸኛውም እንደዚያኛው ይጸናል።

«ቧንቧ በሌለበት እንዴት ይሆናል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው እውነት ነው፤ ውሃ ማቅረብም የባለሥልጣኖች ግዴታ ሆኖ ይኖራል። ቧንቧው እስኪደርስ ግን ከግርጌው የተበሳና በእንጨት ውታፍ የተደፈነ ጀሪካን በክፍሉ ደጃፍ ቢንጠለጠል ለብዙ ልጆች ይበቃል፤ ተማሪዎችም በየተራ ውሃ ይሞሉበታል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፥ ነገ ማለዳ የሚጀመረው ከአንድ ክፍልና ከአንድ ጀሪካን ነው።