በድግስ ቤት ልጅን ማን ያጠጣዋል?

የአልኮል መጠጥ ለልጆች እንዳይደርስ የሚከለክል ሕግ አገራችን አላት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል፤ የመጠጥ ማስታወቂያም በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይነገር አግዷል። አዋጁ በወጣ ጊዜ ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ እኔ ነበርሁ። ዳሩ ግን ክልከላውን ደግሜ ባነበብሁት ቁጥር ዐይኔ በአንዲት ቃል ላይ ያርፋል፤ ይህችውም «መሸጥ» የምትለው ናት። ሻጭ ባለበት ስፍራ ሕጉ የሚይዘው ሰው ያገኛል። ሻጭ በሌለበትስ? በሠርግ፣ በክርስትና፣ በተዝካርና በማኅበር ቤት መጠጥ ይቀዳል እንጂ አይሸጥም።

በአንዲት የሰሜን ሸዋ ከተማ በአስተማሪነት በኖርሁባቸው ዓመታት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼን «በዓል በቤታችን» በሚል ርእስ ድርሰት አጽፋቸው ነበር። ዓላማዬ የገለጻን ስልት ማለማመድ እንጂ ሌላ አልነበረም። ነገር ግን ደብተሮቹን ሰብስቤ በማርምበት ጊዜ አንድ ነገር ደጋግሞ ያጋጥመኝ ጀመር። ልጆቹ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ እንደ ተራ ነገር ቈጥረው፣ መጠጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመሱበትን ቀን ይጽፋሉ። አንዷ አያቷ በፋሲካ ሌሊት እንዳቀመሷት ትናገራለች፤ ሌላው አጎቱ በመስቀል ዕለት «ወንድ ልጅ አይደለህም እንዴ!» ብሎ ዋንጫ እንዳስጨበጠው ይተርካል፤ ሦስተኛው በእኅቱ ሠርግ ሲቀዳና ሲቀምስ አምሽቶ የት እንደ ተኛ እንደማያውቅ እየሳቀ ይጽፋል። ጠላ ቤት ገብቼ በገንዘቤ ገዝቼ ጠጣሁ የሚል ግን እምብዛም አላገኘሁም። ልጆቹ የመጀመሪያውን ጽዋ የተቀበሉት ከሚወዷቸው ሰዎች እጅ ነበር።

መቸም የአገራችን የመስተንግዶ ወግ ብዙ ነው። ጠላ የሚቀዳ ሰው ለእንግዳው ከመስጠቱ በፊት ጥቂት በመዳፉ አፍስሶ ይቀምሳል፤ ይህም መጠጡ ክፉ ነገር የሌለበት መሆኑን ለማረጋገጥ ነው። ወጉ ያማረ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ሆኖም ቤቱ በእንግዳ ተጨናንቆ ሳለ ማሰሮ ይዞ ከወዲያ ወዲህ የሚለው ማን ነው? ትልልቆቹ ተቀምጠው ይጫወታሉ፤ የሚላላከው ልጅ ነው። የሚቀምሰውም እርሱ ነው። ሠላሳ እንግዳ ቢያስተናግድ ሠላሳ ጊዜ ይቀምሳል ማለት ነው። ይህን የሚቈጥርለት ሰው የለም፤ ምክንያቱም በመዳፍ የተጠጣ ነገር እንደ መጠጥ አይቈጠርም።

እንደ መጠጥ የማይቈጠር ሌላም አለ፤ ቅራሪ። ዋናው ጠላ ከተቀዳ በኋላ በቀረው ድፍድፍ ላይ ውኃ ተጨምሮ የሚወጣው ቀጭን ጠላ በየቤቱ የልጆች ድርሻ ሆኖ ኖሯል። «ቅራሪ ነው፤ ለልጅ ምን ያደርገዋል?» ይባላል። በደጋማው አገር ደግሞ ብርዱ ሌላ ሰበብ ይሆናል። በእርግጥ ቅራሪና አረቄ አንድ አይደሉም። የጠላ የአልኮል መጠን እንደ ጠማቂዋ እጅና እንደ ጥንስሱ ዕድሜ ይለያያል፤ ከመቶ ከ2 እጅ እስከ 8 እጅ ሊደርስ ይችላል። ብዙው የጠርሙስ ቢራ ከ4 እስከ 5 እጅ ገደማ ነው። ፊልተር የሚባለው ጠላ እንግዲህ ከቢራ ሊበልጥ ይችላል ማለት ነው። ጠርሙሱ ላይ ቍጥር ተጽፎበታል፤ ገንቦው ላይ ግን የተጻፈ ነገር የለም። ስለዚህ ለልጁ የቀዳለት ሰው ምን ያህል እንዳጠጣው ራሱም አያውቅም።

«ልጅ በቤቱ እየቀመሰ ቢለምድ ሲያድግ አይሰክርም» የሚሉ ሰዎች አሉ። አባባሉ ብልህነት ያለበት ይመስላል። በ1997 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ታትሞ የወጣ አንድ ሰፊ ጥናት ግን፣ መጠጥ የጀመሩት 15 ዓመት ሳይሞላቸው የሆኑ ሰዎች 20 ዓመት አልፏቸው ከጀመሩት ይልቅ በኋለኛ ዕድሜአቸው የመጠጥ ሱሰኛ የመሆን ዕድላቸው በአራት እጥፍ ገደማ ከፍ ያለ ሆኖ እንደ ተገኘ ያስረዳል። የዚህ ሁሉ ምክንያት መጠጡን ቀድሞ መጀመር ብቻ ነው ለማለት አይቻልም፤ የቤተሰብ ኑሮና ሌላም ነገር ይኖርበታል። ቢሆንም መልመድ ይጠብቃል የሚለውን አስተሳሰብ የሚደግፍ ነገር በዚያ ውስጥ አይገኝም።

ከተማሪዎቼ መካከል አንዱን ዛሬም አስታውሰዋለሁ። ጎበዝ ልጅ ነበር፤ በሰዋስው ትምህርት የሚወዳደረው አልነበረም። በጥር ወር የአጎቱ ልጅ ሲያገባ ሚዜ ሆነ። ዕድሜው ዐሥራ ሰባት ነው። ሚዜ ደግሞ በየደረሰበት «በሞቴ! አፈር ስሆን!» እየተባለ ይለመናል፤ እምቢ ቢል ሙሽራውን ያዋረደ ይመስለዋል። ልጁም በአንደኛው ቤት ጠላ፣ በሌላው ጠጅ፣ በመጨረሻው አረቄ ተቀበለ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ብቻውን ወደ ቤቱ ሲመለስ ከመንገድ ዳር ቦይ ውስጥ ወደቀና ውርጩ ሲወርድበት አደረ። ጧት ውኃ ልትቀዳ የወጣች ሴት ባታየው ኖሮ አይተርፍም ነበር። ሳንባው ታመመ፤ ለሁለት ወራት ያህል ከትምህርት ገበታ ተለየ፤ በዚያ ዓመት ክፍሉን ደገመ።

ያን ጊዜ እኔን ከሕመሙ ይልቅ ያስገረመኝ ከዚያ በኋላ የተደረገው ክርክር ነበር። አባቱ «ማን ነው ያጠጣብኝ?» ብለው ጠየቁ። ደጋሹ «እኔ ለሙሽራው ደገስሁ፤ እርሱ ጠጣ» አለ። አሳላፊው «የታዘዝሁትን ቀዳሁ» አለ። ለምኖ ያጠጣው ዘመድ «በፍቅር ነው» አለ። ሁሉም እውነቱን ነው። በመጨረሻ የቀረው ጥፋተኛ አልጋ ላይ የተኛው ልጅ ብቻ ሆነ።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት በ1984 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ መጠጥ የመግዣውን ዕድሜ 21 ያላደረገ ክፍለ አገር ከአውራ ጎዳና ሥራ የሚሰጠው ገንዘብ እንዲቀነስበት ወሰነ፤ በ1988 እ.ኤ.አ. ሁሉም ክፍላተ አገር ሕጉን ተከትለው ነበር። ወጣቶቹ ግን ወላጅ በሌለበት ቤት፣ አንዳንዴም ወላጅ እያየ፣ እየተሰበሰቡ መጠጣታቸውን አልተዉም። ስለዚህ ብዙ ከተሞችና አውራጃዎች፣ ለምሳሌ በካሊፎርኒያ የሚገኘው ቬንቱራ፣ የየራሳቸውን ደንብ አወጡ። የእነዚህ ደንቦች ልዩ ጠባይ ሻጩን ትተው የቤቱን ባለቤት መያዛቸው ነው። በቤቱ ወይም በግቢው ልጆች ተሰብስበው ሲጠጡ የተገኘበት ሰው፣ መጠጡን እርሱ ባይገዛውም እንኳ፣ መቀጮ ይከፍላል፤ በአንዳንድ ስፍራም ፖሊስ ወደ ቤቱ ለመጣበት ወጪ ጭምር እንዲከፍል ይደረጋል። «እኔ አልቀዳሁም» የሚለው ምክንያት በዚያ አያድንም።

የአይስላንድ ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይለያል፤ እኔ ከሁሉ ይልቅ የማደንቀው እርሱን ነው። አይስላንድ በሰሜን አትላንቲክ የምትገኝ፣ የሕዝቧ ብዛት ግማሽ ሚሊዮን እንኳ የማይሞላ ደሴት ናት። በ1998 እ.ኤ.አ. 15ና 16 ዓመት ከሆናቸው ልጆቿ መካከል ከመቶ 42ቱ ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ሰክረው እንደ ነበር ተናገሩ። በ2016 እ.ኤ.አ. ይህ ቍጥር ወደ 5 ወረደ። ምን ተደረገ? መጠጥ የመግዣው ዕድሜ በዚያ አገር 20 ነው፤ ማስታወቂያውም የተከለከለ ነው። ነገር ግን ትልቁ ሥራ የተሠራው በየሰፈሩና በየትምህርት ቤቱ ነበር። የአንድ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች ተሰብስበው ስምምነት ይፈርማሉ፤ ለልጅ መጠጥ ላይገዙ፣ ትልቅ ሰው የሌለበት ግብዣ በቤታቸው ላይፈቅዱ ይስማማሉ። ከ13 እስከ 16 ዓመት ያሉ ልጆች በክረምት ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ እምብዛም በማትጠልቅበት በበጋ ደግሞ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ብቻቸውን በውጭ እንዳይገኙ ሕግ አለ። ሕጉ መከበሩን ለማየት ወላጆች ራሳቸው በዓርብና በቅዳሜ ምሽት ተራ ገብተው በሰፈራቸው ይዘዋወራሉ። የሬይክያቪክ ከተማም ልጆች ለስፖርት፣ ለሙዚቃና ለመሳሰለው መክፈያ እንዲሆናቸው ለቤተሰብ ገንዘብ ትሰጣለች። መከልከል ብቻ ሳይሆን የሚውሉበትንም አዘጋጀችላቸው ማለት ነው።

ከዚህ ታሪክ የወላጆቹ ፊርማ ከሁሉ በላይ ልቤን ይይዘዋል። አንድ ወላጅ ብቻውን «ልጄን አታጠጡብኝ» ቢል ኩሩና ወግ የማያውቅ ይባላል። ሁሉም በአንድ ቀን ቢሉት ግን ያው ነገር ወግ ይሆናል።

የእነርሱ ገንዘብ የለንም፤ ለእያንዳንዱ ልጅ የስፖርት ክፍያ የሚችል ማዘጋጃ ቤት እንዲሁ በቀላሉ አይገኝም። እነርሱ የሌላቸው ነገር ግን አለን፤ እድር። እድር የተጻፈ መተዳደሪያ ደንብ አለው፤ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ ቀብር የቀረውን አባል ይቀጣል፤ አባሉም ያለ ፖሊስ መቀጮውን ይከፍላል። ከዚህም ሌላ በብዙ ስፍራ ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱና ብርጭቆው የእድር ንብረት ነው። ደጋሽ የሆነ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ወደ እድሩ ዕቃ ግምጃ ቤት ይሄዳል፤ ዕቃውን ቈጥሮ ተቀብሎ ይፈርማል። ታዲያ በዚያው ወረቀት ላይ «ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ መጠጥ አይቀዳም፤ አሳላፊ የሚሆነውም ልጅ አይደለም» የሚል አንድ መስመር ቢጨመር ምን ይከብዳል? ዕድሜውን 18 ያልሁት ለመጀመር ያህል ነው እንጂ አዋጁ 21 ማለቱን ዘንግቼ አይደለም።

አንዳንድ ሰዎች ስለ ልጆች መጠጥ ሲነሣ ወዲያውኑ «ጠላ ቤቶቹን መዝጋት ነው!» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ከደጃፉ እንጨት ላይ ጣሳ ተደፍቶበት በሚታይ ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ የምትገኘው ባሏ የሞተባት ወይም ጥላ ከለላ የሌላት ሴት ናት። የእኔ እናት ከእነርሱ አንዷ ነበረች። ጌሾ ስትወቅጥ፣ ብቅል ስታበቅል፣ አሻሮ ስትቈላ ነው ያደግሁት፤ ደብተሬና እርሳሴ የተገዛው በዚያ ገንዘብ ነው። ለልጅ አለመሸጥን ከእርሷ የሚያጠብቅ አላየሁም፤ ልጅ ጣሳ ይዞ ቢመጣ «ትልቅ ሰው ይምጣ» ብላ ትመልሰው ነበር። ያችው እናቴ ግን በክርስትና ቤት ተቀምጣ ለልጅ ሲቀዳ ብታይ ምንም አትልም ነበር፤ ድግሱ የሰው ነዋ።

ድግስ ያለ መጠጥ አይደምቅም የሚለውም ነገር ብዙ አያሳምነኝም። በወሎ ክርስቲያንና ሙስሊም ጐረቤታሞች አንዱ በሌላው ሠርግ ላይ ይገኛሉ፤ ለሙስሊሞቹ ብርዝና ቀሪቦ ይቀርባል፤ ጨዋታውም ዘፈኑም ያው ነው። ማር በውኃ ተበጥብጦ ሳይፈላ የሚቀርበው ብርዝ ለልጅም ለሽማግሌም የሚሆን መጠጥ ነው። በአንጻሩ በኮንሶና በደራሼ ከማሽላና ከሌላም እህል የሚጠመቀው መጠጥ ለብዙ ቤተሰብ እንደ ምግብ የሚቈጠር ነው፤ በዚያ አካባቢ የሚወጣ ደንብ የአካባቢውን ሰው ጠይቆ የሚወጣ መሆን አለበት እንጂ ከአዲስ አበባ ተገልብጦ የሚላክ አይሆንም።

ይህን ሐሳብ እኔ በምኖርበት ሰፈር እድር ባለፈው ዓመት አቅርቤው ነበር። ክርክሩ የጦፈው በመቀጮው ላይ ይሆናል ብዬ ነበር፤ በመቀጮው ላይ ግን ማንም አልተቃወመም። ሰዓቱን የወሰደው ቅራሪ ነው። አንድ አዛውንት «እኔ በቅራሪ ነው ያደግሁት» ብለው ተነሡ፤ አንዲት ነርስ የሆነች አባል «አባቴ፣ ከእርስዎ ጋር ያደጉት ሁሉ ግን እዚህ የሉም» ብላ መለሰችላቸው። ሰዉ ሳቀ፤ አዛውንቱም ሳቁ። በመጨረሻ ቅራሪም ከመጠጥ እንዲቈጠር ተወሰነ፤ ማሰሮ የሚይዘው ሰው ዕድሜው 18 የሞላው እንዲሆን ተጻፈ። የሚዜ ጉዳይ ግን አልተቋጨም። «ሚዜን አታጠጡ ማለት ሠርጉን አታድርጉ ማለት ነው» የሚሉና «ሚዜው ልጅ ከሆነ ደጋሹ ይጠየቅ» የሚሉ እኩል በእኩል ሆኑ። ጸሐፊው ነጥቡን በቀይ ቀለም አስምሮበት ለሚቀጥለው ወር ስብሰባ አስተላለፈው።