አምልጠህ ወዴት ገባህ?

የያዝናቸው ሁሉ ተረስተዋል። ለብለብ ተደርገው፥ በጾም ቀን ገበታ ቀርበው፥ ተበልተው፥ «ተመስገን» ተብሎባቸው አልፈዋል። ስንት እንደነበሩ፥ ምን ያህል እንደመዘኑ የሚጠይቀን ቢኖር መልስ የለንም። አንተን ግን፥ ያመለጥከን ዓሣ ሆይ፥ አልረሳንህም። አልተበላህምና አላለቅህም። አልተመዘንክምና ሚዛን አልወሰነህም። ዓመት በተጨመረ ቁጥር እኛ ስናንስ አንተ ታድጋለህ።

እኔ የኮልፌ ሰው ነኝ። ኮልፌ ሐይቅ የለውም፤ ታንኳ አያውቅም፤ መረብ የሚሰጣበት ዳርቻም የለውም። ያለው የአጠና ተራ ባሕር ዛፍ፥ የታክሲ ረዳት ጩኸት፥ የቀራንዮ መድኃኔዓለም ቅዳሴ፥ የመስጊዶቹ አዛን ነው። ሆኖም ባመለጠ ዓሣ የሚቆዝሙ ሰዎች በዚህ ሰፈር አሉ። ውኃ ያለበትን አገር ትተው የመጡ ናቸውና ውኃው ከልባቸው አልወጣም።

ከጋሞ ደጋ፥ ከዶርዜ መንደሮች መጥተው እዚህ የከተሙ ሸማኔዎች አውቃለሁ። እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ሰድደው መወርወሪያውን ሲያመላልሱ ዝምተኞች ናቸው። ጨዋታው ወደ ጫሞ የዞረ እንደሆነ ግን መወርወሪያው ይቆማል። ከተራራቸው ሆነው ቁልቁል ሲያዩ ዓባያና ጫሞ ጎን ለጎን ተኝተው ይታያሉ፤ እነዚያን ሁለት ውኃዎች እያዩ ነው ያደጉት። የጫሞ ነጭ ዓሣ ደግሞ የዋዛ ፍጥረት አይደለም። ዕድሜ ካገኘ ከ100 ኪሎ ያልፋል፤ ቁመቱም የጎልማሳ ሰው ያህላል። መንጠቆ ሲይዘው ከውኃው ወጥቶ ይዘላል፤ ራሱን ግራና ቀኝ ይንጣል፤ ክሩን በጥሶ ይሄዳል። አንድ ሽማግሌ ይህን ሲያወሩ ጋቢ የሚለኩበትን ክንዳቸውን ይዘረጋሉ። አንድ ክንድ፥ ሁለት ክንድ፥ ሦስት ክንድ ይሉና አራተኛው ላይ እጃቸው አየር ላይ ይቀራል። «ሄደ ልጄ» ይሉኛል፤ «ያን የመሰለ ፍጥረት ነካኝና ሄደ።» ዓይናቸው እንባ የሚያቀርረው ስለቀረባቸው ሥጋ ብለው አይመስለኝም። ያን ያህል ትልቅ ሕይወት በአንዲት ቀጭን ክር ጫፍ አግኝቷቸው ስለተመለሰ ነው።

የእኔው ያመለጠኝ አዋሽ ላይ ነው። በአየር ጤና ወጥቶ፥ ዓለም ገናን አልፎ፥ የቡታጅራን መንገድ ይዞ መልካ ቁንጥሬ ይደረሳል። በ2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ስፍራ ነው፤ ከ1 ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበሩ ሰዎች የድንጋይ መሣሪያቸውን ጥለውበት አልፈዋል። ያን ያህል ዘመን የሰው ልጅ ከዚያ ውኃ ዳር ቆሞ ተመኝቷል። እኛም በተራችን ቆምን። ዘንጋችን ቀጭን የባሕር ዛፍ ነው፤ ክሩ ናይለን፥ ክብደቱ ቁራጭ እርሳስ፥ ተንሳፋፊው ቡሽ፥ መንጠቆው ላይ ትል። ወንዙ የክረምቱን አፈር ተሸክሞ ደፍርሷል። ቡሹ ነቅነቅ፥ ነቅነቅ አለና ጠለቀ። ዘንጉ ጎበጠ። ጥቁር ጀርባህ ከውኃው በላይ ብቅ ብሎ ተመለሰ፤ ሪዝህን ያየሁ መሰለኝ፤ አምባዛ ሳትሆን አትቀርም። ክሩ ተወጠረ፥ ጮኸ፥ ላላ። ከአንተ የደረሰኝ ያ በክሩ የመጣው ንዝረት ብቻ ነው፤ እሱ ግን ዛሬም ከመዳፌ አልወጣም።

ያን ቀን ተቆጨሁ እንጂ አላለቀስኩም። «ሂድ፥ እደግ፥ እንገናኛለን» አልኩህ። የሚያጠምድ ሰው ባዶ እጁን ሲመለስ ቤቱ የሚያደርሰው ይህ ተስፋ ነው። ጴጥሮስም ሌሊቱን ሙሉ ደክሞ ምንም ሳይዝ ነግቶበታል፤ መረቡን ግን አጥቦ ለነገ አዘጋጅቷል። ያመለጠ ዓሣ ያለበት ውኃ ባለጸጋ ነው። ሰው ደጋግሞ የሚሄደው ስለያዘው አይደለም፤ እዚያ ውስጥ እሱን የሚበልጥ ነገር መኖሩን ስላወቀ ነው። በሩቅ ቢሆንም መኖርህ ይበቃኝ ነበር። ቆቃ ደርሰህ ቢሆን፥ አዋሽ ይዞህ እስከ አፋር በረሃ ወርደህ ቢሆን፥ ምን ቸገረኝ!

ዛሬ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፤ እንዲህ ብዬ የማንጎራጉረውም ለዚሁ ነው፦

ማምለጥህ አይደለም ሆዴን ያስከፋው፣
የምታመልጥበት ውኃው ነው የጠፋው።

የሰፈሬን ወንዝ ላስተዋውቅህ። ትንሹ አቃቂ ይባላል። ከወጨጫ ተራራ ጎን ይነሣል፤ የአዲስ አበባን ምዕራብ አቋርጦ፥ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል። ትልቁ አቃቂም በሌላ በኩል መጥቶ እዚያው ይገባል፤ ከግድቡ የሚወጣው ውኃ አዋሽን ይቀላቀላል። ሽማግሌዎች ሲያወሩ፥ ልብስ ይታጠብበት፥ ልጆች ይዋኙበት፥ ከድንጋዩ ሥር ትንንሽ ዓሣ በእጅ ይታፈስበት ነበር። አሁን ድልድዩን ሰው አፍንጫውን ይዞ ነው የሚያልፈው። የመጸዳጃ ፍሳሽ፥ የጋራዥ ዘይት፥ የቆዳ ፋብሪካ ኬሚካል፥ ፌስታልና የላስቲክ ጠርሙስ ተሸክሞ ይወርዳል። በዚያው ውኃ ዳር ዳሩን ጎመንና ሰላጣ ይበቅላል፤ ጠዋት ገበያ ይወጣል፤ ማታ እቤታችን ይገባል።

መንገዱን ሳስበው ወገቤ ይንቀጠቀጣል። አንተ ከመልካ ቁንጥሬ ያመለጥከው ወደ ታች ነው። አዋሽ ደግሞ ቆቃ ከመድረሱ በፊት አቃቂን ይቀበላል። ስለዚህ ከመንጠቆዬ አምልጠህ የሄድክበት መንገድ ላይ የኮልፌ ቦይ ውኃ ቀድሞህ ደርሶ ጠበቀህ። እኔ ዘንጌን ይዤ ከላይ «እደግ» ስልህ፥ ከተማዬ ከታች መርዟን አፍስሳ ተቀበለችህ። ወይ ነዶ! በጠላትነት ሳይሆን በዝምታ፥ ከየቤታችን በሚወጣ ቱቦ።

አንተ እኮ በቀላሉ እጅ የምትሰጥ አልነበርክም። አምባዛ ጭቃ አይፈራም፤ ውኃው ሲታፈን ብቅ ብሎ አየር ይስባል፤ ኩሬው ሲጎድል በእርጥብ ሣር ላይ በክንፉ እየተንፏቀቀ ሌላ ውኃ ይፈልጋል። ድርቅን የሚችል፥ ድፍርስን የሚችል ፍጥረት ነህ። እኛን ግን እንዴት ትችለን?

ወዳጆችህም ደህና አይደሉም። ጫሞ ላይ ዓይነ ጠባብ መረብ በዝቶ ነጭ ዓሣው ሳያድግ ይያዛል፤ ሽማግሌው በክንዳቸው ያልጨረሱትን ዓሣ የመሰለ ለልጅ ልጆቻቸው ይተርፍ ይሆን እያልኩ እሰጋለሁ። ጣና ላይ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ የቢልጫ ዝርያዎች አሉ። ክረምት ላይ ጉማራንና ርብን የመሳሰሉ ወንዞችን ሽቅብ ይወጣሉ፤ እንቁላላቸውን በንጹሕ ጠጠር ላይ ሊጥሉ ነው። ለመውለድ በሚሄዱበት መንገድ፥ በወንዙ አፍ፥ መረብ ይዘረጋባቸዋል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ወረቀቱ አርጅቷል፥ ውኃው ግን ጠባቂውን ገና ይጠብቃል። ሐረማያ ሐይቅ ደግሞ በ1990ዎቹ መጨረሻ ጨርሶ ደረቀ። ጀልባ በሄደበት ከብት ሄደበት። እዚያ ያመለጠ ዓሣ የነበረው ሰው፥ የቱ ጋ ቆሞ ያልቅስ?

ይሁን እንጂ ከሐረማያ የተማርኩት ሐዘን ብቻ አይደለም። ከዓመታት በኋላ ውኃው ተመልሷል። ሞተ ተብሎ የተተወ ሐይቅ እንደገና ውኃ ከቋጠረ፥ ትንሹ አቃቂም ተስፋ አይቆረጥበትም። በ2011 ዓ.ም. የአዲስ አበባን ወንዞች 56 ኪሎ ሜትር ዳርቻ የሚያለማ ፕሮጀክት ሲታወጅ ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። ሣሩ ይተከል፥ መንገዱ ይነጠፍ፥ መብራቱ ይብራ፤ ሰው ከወንዙ ጋር ይታረቅ። ግን የውኃ ጤንነት ምስክሩ ዓሣ ነው። ዳርቻው አምሮ መሐሉ ከሞተ ሥራው አልተጨረሰም። ፋብሪካው ፍሳሹን ያጣራ፤ የሽንት ቤቱ ቱቦ ከወንዙ ይነቀል፤ ቆሻሻው በወቅቱ ይነሣ፤ እኛም ፌስታላችንን ከቦዩ እንመልስ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካለቀ በኋላ ማንም ሳይጠራህ አንተ ራስህ ትመጣለህ፤ ውኃ ሲጠራ ዓሣ ይመለስበታል።

ለኮልፌ ልጆች ሰው ብዙ ነገር ይመኝላቸዋል፤ ትምህርት፥ ሥራ፥ ቤት። እኔ በዚያ ላይ አንድ እጨምራለሁ፦ ከቤታቸው በእግራቸው ወርደው፥ በገዛ ወንዛቸው ዳር ቆመው፥ ዓሣ ያምልጣቸው። ይንገብገቡ፥ ይቆጩ፥ ማታ ለእናታቸው አጋንነው ያውሩ፥ በነጋታው ተመልሰው ይሂዱ። ይህ ቁጭት የሚወረሰው ውኃ ካለው አባት ብቻ ነው። እኔ ያጣሁት አንድ ዓሣ ነው፤ እነሱ ግን የሚያጡት እንኳ የላቸውም። የማለቅሰው በዚህ ነው፤ የምለምነውም ይህ እንዲቀየር ነው።