ሀፍረቴን ሒሳብ አስመሰልኩት

ልጄን የበደልኩት ተቆጥቼ አይደለም፤ ቁጣማ ይበርዳል። ቁጭ ብዬ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «በምክንያት» ነው የበደልኩት።

በጥር 2015 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ ሲሆን ስልኩን አቀብሎኝ ቆመ። ማለፊያውን አላመጣም። «አባዬ፣ እኔ እኮ የማልረባ ነኝ» አለ። ወረቀትና እስክሪብቶ አምጥቼ የትምህርት ቤት ክፍያውን፣ የአስጠኚውን ገንዘብ፣ ስልክ ላይ ያጠፋውን ሰዓት በየተራ ጻፍኩ፤ ከሥሩ አሰመርኩና «ድምሩን አንተው ንገረኝ» አልኩት። ሙያዬ ሒሳብ አያያዝ ነው፤ ስሜታዊ አይደለሁም እያልኩ የምኮራ ሰው ነበርኩ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና «እሺ» ብሎ ወጣ።

አንድ ቁጥር ግን ዘልያለሁ። በዚያ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ትምህርት ሚኒስቴር ሳይቀር ካላለፉት የተሻለ ያመጡት በሪሜዲያል (የአቅም ማሻሻያ) ፕሮግራም ዩኒቨርሲቲ እንዲገቡ ፈቅዷል። ከመቶው ዘጠና ሰባቱ ገደማ ያላለፉትን ፈተና የአንድ ልጅ ስንፍና ማስረጃ ማድረግ፣ ቢሮ አንድ ጀማሪ ቢያቀርብልኝ ሳልፈርም የምመልሰው ሒሳብ ነው። ዜናውን ደግሞ ሰምቼዋለሁ፤ አላወቅኩም ማለት አልችልም።

ታዲያ ምን ጋረደኝ? አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ አልበርት ኤሊስ በ1955 እ.ኤ.አ. የጀመረው የሕክምና ዘዴ፣ የሚያናውጠን የደረሰብን ነገር ብቻ ሳይሆን ስለ ነገሩ የያዝነው እምነት ነው ይላል፤ በተለይ «የግድ እንዲህ መሆን አለበት» የሚለው። የእኔ የግድ ይህ ነበር፦ ልጄ ማለፍ አለበት፤ ካላለፈ ለባልደረቦቼ ምን እላለሁ? እኔስ ምን አባት ነኝ? ወረቀቱ ላይ የደረደርኩት የራሴን ሀፍረት ነው።

ኤሊስ ሥራን መመዘን እንጂ ሰውን በጠቅላላው መመዘን አይቻልም ይላል። መጀመሪያ ሳነበው ሰነፍን ማባበያ መስሎኝ ነበር። ግን «ፈተናውን ወደቅኩ» ያለ ልጅ የት እንደደከመ ፈልጎ ያገኛል፤ «የማልረባ ነኝ» ያለ ምኑን ያርማል? ልጄ ያን ሲናገር ማረም የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። እኔ ማስረጃ ጨመርኩለት።

ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ ዘግይቼ። «የማልረባ አባት ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር። ያም ያው በሽታ ነው፤ ልጁ በኔ ተበድሎ እኔኑ እንዲያጽናና ማድረግ። ስለዚህ ያደረግኩትን ብቻ ነገርኩት። «አውቃለሁ አባዬ» አለኝ። ምኑን እንደሚያውቅ ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

እናንተ ወላጆች፣ ዘንድሮም ውጤት ይወጣል። የዚያን ዕለት ማታ ስለ ነጥብ አታውሩ፤ ልጁ እራቱን በልቶ ይተኛ። የደከመበትን ትምህርት በማግስቱ አብራችሁ ታዩታላችሁ።